ፓወር እና ኦቶሪቲ አንድ አይደሉም

አቦ፣ የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ልጆች ይቺን ያዙልኝ። ሁለቱንም «ሥልጣን» ብለን ስለምንፈታቸው ነው የሚምታቱብን። ፓወር ማድረግ መቻል ነው፤ ጉልበትም፣ ገንዘብም፣ ተሰሚነትም ሊሆን ይችላል። ኦቶሪቲ ግን በሕግ ወይም በሹመት የተሰጠ የማዘዝ መብት ነው።

ትናንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር መንገድ ዳር ቆሜ አንዲት ትራፊክ ፖሊስ እጇን ብቻ አንስታ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ ቀጥ ስታደርገው አየሁ። ፓወሩ መኪናው ጋ ነው፣ ኦቶሪቲው እሷ ጋ። ማታ ዱላ ይዞ መንገድ የሚዘጋባችሁ ሰው ደግሞ ፓወር አለው፣ ኦቶሪቲ የለውም።

ከጠፋባችሁ የመሥሪያ ቤት ስም አስታውሱ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የእንግሊዝኛ ስሙ ላይ ፓወር አለ፤ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ላይ ኦቶሪቲ።

እህቴ ሲቪዋ ላይ ክፍያ የማጽደቅ «ፓወር» ነበረኝ ብላ ጽፋ ነበር፤ ስህተት ነው ባይባልም፣ ሥራው በደንብ ተሰጥቷት እንደነበር ቁልጭ ብሎ የሚታየው ኦቶሪቲ ስትለው ነው። ሥልጣን ላይ ያለ መንግሥት ለማለት ግን «ኢን ፓወር» በሉ፣ እዚያ ጋ ኦቶሪቲ አይገባም።