የምረቃ መጽሔት ላይ ፎቶ እንዴት ይደረደራል?

ደብረ ብርሃን ስንመረቅ የመጽሔት ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ጣርማ በር ሄደን የተነሳነውን የቡድን ፎቶ ሁለት ገጽ ላይ ዘረጋነው። ታትሞ ሲመጣ፣ መሃል የቆመችው ጓደኛችን ፊት ማጠፊያው ውስጥ ገብቷል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዘንድሮ ኮሚቴ ለሆናችሁ ያኔ ባውቀው የምለውን ልንገራችሁ።

ስትሰበስቡ። ፎቶ በቴሌግራም ሲላክላችሁ በፋይል መልክ ይሁን፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ለህትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያስፈልጋል። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ጉርድ ፎቶ ወርዱ 600 ፒክስል ያህል ከሆነ ይበቃል። ኤ4 ገጽ ሙሉ ለሚይዝ ግን 2480 በ3508 ፒክስል ነው።

ጉርድ ፎቶ። በራስ ስም፣ በፊደል ተራ ደርድሩ። ሀ እና ሐን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን አንድ ላይ ታደርጓቸው እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። ካልወሰናችሁ ሀና እና ሐና የተለያየ ገጽ ላይ ይወድቃሉ። የሁሉም ጭንቅላት መጠኑ እኩል ይሁን፤ ዓይኖችም በአንድ መስመር ይዋሉ። የምረቃው ቆብ አይቆረጥ። ቦታው አልበቃ ቢል ፎቶውን ከዳር ቁረጡት እንጂ አትለጥጡት፤ የሰው ፊት ይበላሻል።

የዝግጅት ገጾች። አንድ ትልቅ ፎቶ ምረጡ፤ ሌሎቹ አነስ ብለው ይክበቡት። ሁሉም እኩል ከሆኑ ዓይን የቱ ጋ እንደሚያርፍ ይጠፋዋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት አንድ ዓይነት ይሁን፤ እኔ 4 ሚሊ ሜትር እወዳለሁ። ወደ ጎን የሚያይ ሰው ፊቱን ወደ ገጹ ውስጥ ያዙር። ወደ ውጭ ካየ አንባቢውም ተከትሎት ይወጣል። ጥቂት ባዶ ቦታ ተዉ፤ ገጹ ይተንፍስ።

ሁለት ገጽ ላይ የሚዘረጋ ፎቶ ካላችሁ ማጠፊያው ሰማይ፣ ጉም ወይም በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ክፍት ቦታ ላይ ይዋል። ፊት ከማጠፊያው ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። እስከ ገጹ ጠርዝ የሚደርሰው ፎቶ ደግሞ በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይኑረው፤ ማተሚያ ቤቱ ሲከረክም ነጭ መስመር እንዳይቀር።

ብርሃን። ወረቀት ላይ ፎቶ ከስክሪን ይልቅ ይጠቁራል። የባህል ቀን በርኖስ ለብሳችሁ ከተነሳችሁ ጥቁሩ ሱፍ ጠፍጣፋ ጥላ ይሆናል። በቀትር ፀሐይ ቆብ አድርጎ የተነሳ ሰውም ዓይኑ አይታይም። ፊቶቹን ትንሽ ፈካ አድርጓቸውና አንድ ገጽ በዚያው ወረቀት ለሙከራ አሳትሙ።

ቆጠራ። ብዙ ኮሚቴ የሚዘለው ይህን ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። የተመራቂዎቹን ስም ዝርዝር ይዛችሁ እያንዳንዱ ሰው ስንት ጊዜ እንደወጣ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የኮሚቴው ጓደኞች አሥር ጊዜ ወጥተው፣ ዝምተኛው ልጅ ከጉርድ ፎቶው በቀር የለም። ዶርሙ ድረስ ሄዳችሁ ፎቶ ጠይቁት፤ ከሌለው አብራችሁት ተነሱ። ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ ከራሳችሁ ፎቶዎች አንዱን አውጡ።

ከዚያ ገጾቹን ፕሪንት አድርጋችሁ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሁሉም መጥቶ ፊቱንና የስሙን አጻጻፍ ይይ፤ ፋይሉ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።