አደባባይን በእግርም በብስክሌትም በሰላም ለመሻገር

ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ለእግረኛም ለብስክሌተኛም ትመቻለች። አደባባይ ላይ ስንደርስ ግን ብዙዎቻችን በዘፈቀደ ነው የምንሻገረው። ነገሩ ስለሚያሳስበኝ አካሄዱን ልንገራችሁ።

1. መሻገሪያውን ምረጡ። ዜብራው የሚሰመረው ከክቡ ወጣ ብሎ፣ በየመንገዱ አፍ ላይ ነው። ከመሃል ባለው ሣር ላይ አቋርጦ መሄድ አቋራጭ ይመስላል። ግን ክቡን ሁለት ጊዜ ትሻገራላችሁ፤ ያውም ሾፌር ሰው በማይጠብቅበት ቦታ። በፍጹም አልመክረውም።

2. መኪናው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። አገራችን በ1956 ዓ.ም. በቀኝ ወደ መንዳት ከዞረች ወዲህ፣ ጠርዙ ላይ ስትቆሙ ቀድሞ የሚደርስባችሁ ከግራ የሚመጣው ነው። ወደ አደባባዩ የሚገባ ሾፌር ቅድሚያ የሚሰጠው በክቡ ውስጥ ላለው ስለሆነ ዓይኑ ወደ ግራው ነው። እናንተ ደግሞ በቀኙ ቆማችኋል። ዞር ብሎ እስኪያያችሁ ከጠርዙ አትውረዱ። የሚወጣው ይብሳል፤ መንገዱ ተከፍቶለታልና ነዳጅ ይሰጣል። ፍሬቻ ካላሳየ ጎማውን እዩ። ባጃጅ የፊት ጎማዋ አንድ ስለሆነ ትታወቃለች፤ ጎማዋ ወደ እናንተ ሲታጠፍ መውጣቷ ነው።

3. የቆመላችሁን መኪና አትመኑ። ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። ሚኒባስ ይቆማል፤ ሾፌሩ በእጁ "እለፉ" ይላል። ደግ ሰው ነው። ግን እለፉ ያለው በራሱ በኩል ብቻ ነው። ከኋላው ያለችው ባጃጅ ለምን እንደቆመ አታውቅም፤ ተሳፋሪ የሚያወርድ መስሏት በጎኑ ታልፋለች። ሚኒባሱ እናንተን ከእሷ፣ እሷን ከእናንተ ጋርዷል።

ስለዚህ በሚኒባሱ ፊት ለፊት ሂዱና የሚኒባሱ ጠርዝ ጋ ስትደርሱ ቁሙ። አንገታችሁን አውጥታችሁ እዩ፤ ከዚያ እለፉ። ሾፌሩ ጥሩምባ ቢነፋም አትሩጡ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ ያ ሁሉ አልፏል። በ30 ቢመጣ ግን 8 ሜትር ገደማ ነው። ዜብራ ላይ ቅድሚያ የእግረኛ ነው፤ መብታችሁ ግን መኪና አያቆምም።

4. በብስክሌት ከሆናችሁ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ኋላ እዩ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ አሳዩ፣ የመስመሩን መሃል ያዙ። ጠርዝ መለጠፍ ጨዋነት ይመስላል፤ ግን የሚወጣ መኪና ይቆርጥባችኋል። በሞያሌው መንገድ ከሚመጣ ተሳቢ ጎን ፈጽሞ አትግቡ። ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል። በስፖኪዮው የሾፌሩን ፊት ካላያችሁ እሱም አያያችሁም፤ ከኋላው ቆዩ። መንገዱ ከተጨናነቀ ወርዶ በዜብራው መግፋት ነውር የለውም።

5. ሲመሽ ከኋላ ቀይ መብራት አብሩ። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቁ።

6. ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ጣቱን ሳይሆን አንጓውን ጨብጡ። ጣት ያመልጣል።