«እኔ ጋ እኮ ይታያል»፦ ፊቸርድ ኢሜጅ ከክላውድ ስታመጡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

የብሎግ ፖስቱ ወጥቷል፣ ቴሌግራም ላይ ሼር ተደርጓል፣ ፊቸርድ ኢሜጁ፣ ማለትም ፖስቱን ወክሎ የሚታየው ዋናው ፎቶ ግን የለም። ባለቤቱን ስትጠይቁት መልሱ ሁሌም አንድ ነው፣ «እኔ ጋ እኮ ይታያል»። አዎ አንተ ጋ ይታያል! አንተ ጋማ ለምን አይታይም፣ በጂሜይልህ ሎግ ኢን አድርገህ እኮ ነው የምታየው። ጉግል ድራይቭ ላይ የተጫነ ፋይል ካልነካካችሁት በቀር ሪስትሪክትድ ነው፣ ከናንተ ሌላ ማንም አያየውም። ስለዚህ ከምንም በፊት ሊንኩን ኢንኮግኒቶ ላይ (ሎግ ኢን ያላደረገ የብራውዘር መስኮት ላይ) ክፈቱት፣ ከዛ ደውሉልኝ።

እሺ ሪስትሪክትድ የሚለውን ቀይራችሁ ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲያይ አደረጋችሁ እንበል። አሁንም አይሠራም፣ ምክንያቱም ኮፒ ሊንክ ስትሉ የሚሰጣችሁ የፎቶ አድራሻ አይደለም፣ የገፅ አድራሻ ነው። ፎቶውን መሃል ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ዳውንሎድ፣ ፕሪንት ምናምን የሚሉ በተኖችን የደረደረ ገፅ። ሊንኩን እዩት እስቲ፣ መጨረሻው አካባቢ «ቪው» ይላል እንጂ ጄፔግ ወይ ፒኤንጂ የሚል የለበትም። ብሎጋችሁ ፎቶ ስጠኝ ሲለው ድራይቭ የሚልክለት ኤችቲኤምኤል፣ ማለትም የገፁን ኮድ ነው፣ እንጀራ ላክ ሲባል መሶቡን ቆልፎ እንደሚልክ ሰው። ይሄን ስንቴ እንዳስረዳሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዩቲዩብ ላይ ዘዴ አለ ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። የፋይሉን አይዲ ከሊንኩ ቆርጦ ማውጣትና ሌላ አድራሻ ላይ መቀጠል፣ ለዓመታት ሠርቷል። ከዛ 2024 መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ጋ በአንዴ ፎቶው ጠፋ። ሰዉ ምን አደረገ? ሌላ ዘዴ ፈልጎ ወደ ተምኔይል (የፎቶው ትንሿ ቅጂ) ሊንክ ዞረ። እሱም አንድ ቀን ይዘጋል፣ ያኔ ሁሉንም ፖስት እየከፈታችሁ ልትቀይሩ ነው? ጉግል ድራይቭን ዌብሳይት ማስተናገጃ ማድረግን እኮ ራሱ ጉግል በ2016 ዘግቶታል፣ እዛ ላይ የምትሠሩት ነገር ሁሉ ማንም ቃል ያልገባላችሁ ነገር ነው።

አንዷ የምግብ ብሎግ ያላት ደንበኛዬ ኢሜይል አልገባ አላት። ጂሜይል፣ ድራይቭና ጉግል ፎቶስ ያቺኑ 15 ጊጋ ነው የሚካፈሉት፣ እና ሞልቶባታል። ድራይቭ ውስጥ «የድሮ ፎቶ» ያለችውን ፎልደር አጠፋች። ብሎጉ ላይ ያን ቀን ምንም አልሆነም። ትራሽ ውስጥ የገባ ፋይል 30 ቀን ይቀመጣል፣ እስከዛ ቦታውንም አይለቅም፣ ሼር የተደረገለት ሰው ሊያየው ይችላል። ወሩ ሲሞላ ኢሜይሉ መግባት ጀመረ፣ ደስ አላት፣ ግን የዶሮ ወጡም የቂጣ ፍርፍሩም የሽሮውም ፎቶ አብሮ ሄደ፣ እሷም ደውላ «አንተ ምን ነካካህብኝ?» አለችኝ። ወር ሙሉ ብሎጉን ከፍቼ እንኳን አላየሁትም!

ፌስቡክ ላይ የለጠፋችሁትን ፎቶ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ አድራሻውን አትውሰዱ፣ ሊንኩ ጊዜው የሚያበቃበትን ሰዓት ውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው። የድሮፕቦክስ ሊንክ መጨረሻው ላይ ያለውን ዲኤል=0 (dl=0) ወደ ሮው=1 (raw=1) ከቀየራችሁት ፎቶውን ራሱን ይሰጣል፣ ግን ሰው ሲበዛበት ይዘጋዋል፣ ለሙከራ ብቻ።

ቴሌግራም ቦት ሠርታችሁ ፎቶ በሱ የምታስቀምጡ ጎበዞች ደግሞ አላችሁ። ቦቱ የሚሰጣችሁ የፋይል ሊንክ ዋስትናው ለ1 ሰዓት ነው። እሱስ ይቅር፣ ሊንኩ ውስጥ የቦቱ ቶክን፣ ማለትም ቦቱን የሚያዝዘው ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ እንዳለ ተቀምጧል። ብሎግ ላይ ለጠፋችሁት ማለት የቦቱን ቁልፍ ለአንባቢ ሁሉ አደላችሁ ማለት ነው። ያደረገ ካለ አሁኑኑ ቦትፋዘር (ቦቱን የፈጠራችሁበት የቴሌግራም ቦት) ጋ ሄዶ ቶክኑን ይቀይር።

ዎርድፕረስ ላይ ሊንኩን ፖስቱ ውስጥ ለጥፋችሁ «ሆም ፔጁ ላይ ለምን ግራጫ ሳጥን ሆነ» የምትሉ፣ ፊቸርድ ኢሜጅ ሊንክ አይደለም። ዎርድፕረስ የሚይዘው ሚዲያ ላይብረሪ ውስጥ ያለውን ፎቶ ቁጥር ነው። ከውጪ ሊንክ የሚቀበል ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) አለ፣ ይሠራል፣ ግን የምታጡትን እወቁ። ፎቶ አፕሎድ ስታደርጉ ዎርድፕረስ ራሱ ባለ 150፣ ባለ 300፣ ባለ 768፣ ባለ 1024 ፒክስል እያለ ያባዛውና ለስልክ ትንሹን፣ ለኮምፒውተር ትልቁን ይልካል። የውጪ ሊንክ ሲሆን ይሄ የለም፣ ከካሜራ የወጣው 5 ሜጋ ፎቶ አውራ ጣት የምታክል ቦታ ላይ ሙሉውን ይወርዳል፣ አስር ፖስት ያለበት ሆም ፔጅ ማለት 50 ሜጋ ነው፣ ፓኬጅ እየገዛ ለሚያነብ ሰው ይሄ ግፍ ነው። የጉግሉ ብሎገርም ላይ ተመሳሳይ ነው፣ ራሱ ጋ ያልተጫነ ፎቶን አያሳንስላችሁም።

የአማዞን ፋይል ማስቀመጫ ኤስ3 ላይ የደረሳችሁትን እወዳችኋለሁ፣ ቢያንስ ለዚህ የተሠራ ቦታ ነው። ግን ከ2023 ሚያዝያ አካባቢ ጀምሮ አዲስ ባኬት (ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ቋት) ሲከፈት ለሕዝብ ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዱ እሱን ማስተካከል ሲታክተው ፕሪሳይንድ ሊንክ (ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚከፍት ሊንክ) ያወጣና ይለጥፋል። የዛ ሊንክ ጣሪያው 7 ቀን ነው። ሳምንት ያምርባችኋል፣ በስምንተኛው ቀን ባዶ። እንደ ኤስ3 ያለውን የክላውድፍሌርን አር2 የምትጠቀሙ ደግሞ በነፃ የሚሰጣችሁን የሙከራ አድራሻ አትለጥፉ፣ ጥያቄ ሲበዛበት ይገድባል። የራሳችሁን ሰብዶሜይን (ከዌብሳይታችሁ አድራሻ ፊት ቃል ተጨምሮ የሚወጣ አድራሻ) አገናኙት። ነገ ድርጅቱ ቢዘጋ ወይ ዋጋ ቢጨምር ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ አዛውራችሁ ሰብዶሜይኑን ወደዛ ማዞር ነው፣ አንድም ፖስት አትነኩም። ፎቶባኬት የሚባለው የፎቶ ማስቀመጫ ሳይት በ2017 ሌላ ሳይት ላይ ፎቶ ለማሳየት በዓመት 399 ዶላር ክፈሉ ሲል ስንት ብሎግ ባዶውን እንደቀረ ያየ ሰው ይገባዋል።

የፋይል ስም በአማርኛ አትፃፉ፣ ይቅርታ። ሊንክ ውስጥ ሲገባ አንዷ ፊደል 9 ምልክት ትሆናለች፣ «አዲስ አበባ» ብቻዋን ከነክፍተቷ 57። ኮፒ ስታደርጉ ግማሹ ይቀራል። የአማርኛውን አልት ቴክስት (ፎቶው ካልታየ የሚነበበው መግለጫ) ላይ ፃፉት።

ፊቸርድ ኢሜጅ ላይ ሌዚ ሎድ (አንባቢው ወደ ፎቶው ሲጠጋ ብቻ እንዲጫን ማድረግ) አታድርጉ፣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ነገር ነው።

ሼር ስታደርጉ እንዲወጣ ደግሞ 1200 በ630 ፒክስል አድርጉት፣ ፅሁፍ ካለበት ከዳር አርቁት። የቴሌግራምና የፌስቡክ ሮቦቶች ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ እንደናንተ ሎግ ኢን የላቸውም፣ እንደማንም መንገደኛ ነው የሚመጡት። አንዴ ባዶ ካገኙት ደግሞ ባዶውን ይዘው ይቆያሉ፣ ፎቶውን ብታስተካክሉም ፕሪቪው ላይ አይመጣም። ለቴሌግራም ዌብፔጅቦት የሚባለውን ቦት ከፍታችሁ የፖስቱን ሊንክ ላኩለት፣ ያድሰዋል። ለፌስቡክ ሼሪንግ ዲበገር ላይ ሊንኩን አስገቡና ስክሬፕ አጌን በሉት።