የፍሳሽ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ድሬ ላይ ብዙ ግቢ የሚሠራው በአንድ ልክ ነው። ሴፕቲክ ታንኩ በሩ አጠገብ ይቆፈራል፣ የመምጠጫ መኪናው ቱቦ እንዲደርስለት። ሰርቪሱ ከኋላ ይሆናል። ዓመት ሁለት ዓመት ይቆይና ሰርቪሱ ላይ ክፍል ይጨመራል፣ ሽንት ቤትና ሻወር ይገባለታል፣ ተከራይ ይመጣል። ጉዱ የሚታየው ያኔ ነው። የኋላው ወለል ከታንኩ መግቢያ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ፍሳሽ ደግሞ ዳገት አይወጣም።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ከኋላ አነስ ያለ የማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይዘጋጃል፣ ፓምፕ ይገባበታል፣ ፍሳሹ እየተገፋ ወደ ታንኩ ይሄዳል። እኔም ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ግቢዬ ውስጥ አሠርቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ! የመጀመሪያውን ያሠራሁት አብዛኛው ሰው እንደሚያሠራው ነበር። ፓምፑን ገዛሁ፣ ከዚያ ጉድጓድ አስቆፈርኩለት፣ ቧንቧው ግቢ ውስጥ የተረፈው ሆነ። በሁለተኛው ነገሩን ገለበጥኩት። ፓምፑ የተገዛው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች ናቸው።

ሳያስፈልግ መግዛት

110 ሚሊሜትር ቧንቧ በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ እያለ ከሄደ ፍሳሹ በራሱ ይወርዳል። ከሰርቪሱ እስከ ታንኩ 20 ሜትር ከሆነ የሚፈለገው 40 ሴንቲሜትር ነው። ይህን በዓይን አትለኩት። ግንበኛ ጠርታችሁ በውሃ ልክ አስለኩ። አንዳንዴ ጎድሏል የተባለው ከፍታ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል አንድ ደረጃ ከፍ በማድረግ ይገኛል። ሐረር ያላችሁ ደግሞ ተዳፋቱን ተጠቀሙበት። ታንኩን ወደ ታችኛው ጥግ ማዞር ከተቻለና የመኪናው ቱቦ ከደረሰ፣ ፓምፕ የሚባል ጣጣ ውስጥ ባትገቡ ይሻላል።

«ፓምፕ ፓምፕ ነው» ማለት

የመጀመሪያዬን ስገዛ ሻጩ «አቦ፣ ይሄ ድንጋይ ይገፋል!» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ቁራጭ ጨርቅ አቆመው።

ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ሁሉ ለሽንት ቤት አይሆንም። የዝናብ ወይም የልብስ እጥበት ውሃ ለማውጣት የተሠራው ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ ቆሻሻ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ለሽንት ቤት የሚሆኑት ሁለት ናቸው። አንዱ ሰፊ ማሳለፊያ ያለው ነው። እስከ 50 ሚሊሜትር፣ በአንዳንዱም ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ሳይያዝ ያልፋል። ሌላው ቢላ ያለው፣ ቆሻሻውን እየፈጨ የሚገፋው ነው። ይኼኛው በቀጭን ቧንቧ፣ ረጅም ርቀትና ከፍታ ላይ ያዋጣል። ግን ቢላው አሸዋ አይወድም፣ የኛ ከተማ ደግሞ አሸዋ ናት። ርቀቱ 20 እና 30 ሜትር ለሆነ ግቢ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

በነገራችን ላይ የትኛውም ፓምፕ ሞዴስ፣ ዳይፐርና ፌስታል እንዲበላ አልተሠራም። የጫት ገራባም እንደዚያው። ከሰዓት በኋላ ገራባውን ጠራርጎ ሽንት ቤት የሚጨምር ተከራይ ካለ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ዘንቢልም ስጡት።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማመን

«12 ሜትር» የሚል ታያላችሁ፤ ፓምፑ ፍሳሹን ወደ ላይ የሚገፋበት የመጨረሻ ከፍታ ነው። 12 ሜትር ላይ የሚሰጠው የፍሳሽ መጠን ዜሮ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ትልቁ የሊትር ቁጥር ደግሞ ፓምፑ ምንም ከፍታ ሳይገፋ የሚሰጠው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ አይገኙም።

መለካት ያለበት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ፍሳሹ ዝቅ ብሎ ከሚቆምበት ቧንቧው ከፍ ብሎ እስከሚያልፍበት ቦታ ያለው ከፍታ ነው። በዚያ ላይ ፍሳሹ በቧንቧው፣ በክርኖቹና በቫልቮቹ ሲያልፍ የሚባክነው ይጨመራል። የእኔ ግቢ ከፍታው 4 ሜትር ነው፤ ብክነቱን 2 ሜትር ብለን ያዝን። ስለዚህ ለሻጩ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ «6 ሜትር ላይ በሰከንድ ስንት ሊትር ይሰጣል?» መልሱ ማኑዋሉ ውስጥ ባለው ግራፍ ላይ አለ። ግራፍ የሌለው ፓምፕ አትግዙ።

ወፍራም ቧንቧ አይደፈንም ማለት

እዚህ ላይ ቧንቧ ሠራተኞችም ይሳሳታሉ። በፓምፕ የሚገፋ ፍሳሽ በሰከንድ ቢያንስ 0.7 ሜትር ያህል መሮጥ አለበት፤ አለዚያ ቆሻሻው ይዘቅጣል። በሰከንድ 2 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ 63 ሚሊሜትር ቧንቧ ላይ ከ0.8 ሜትር በላይ ያስሮጠዋል። ያንኑ ፓምፕ 110 ቧንቧ ላይ ብትገጥሙት ፍጥነቱ ወደ 0.3 ይወርዳል። እኔ ጋ ግቢ ውስጥ የተረፈው ቧንቧ 110 ነበር። በስድስት ወሩ ሲቆረጥ ግማሹ ደለል ነው። ግን 63 ስለተባለ ብቻ ደግሞ አትግጠሙ። የቧንቧው ውስጥ ፓምፑ ከሚያሳልፈው ቆሻሻ መጥበብ የለበትም።

ከፓምፑ በላይ ፍሳሹን ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ፣ ከእሱ ቀጥሎ መዝጊያ ቫልቭ ይገባል። የማይመልሰው ቫልቭ ከሌለ ፓምፑ በቆመ ቁጥር ቧንቧው ውስጥ ያለው ተመልሶ ይወርዳል። 25 ሜትር የሆነ 63 ቧንቧ ወደ 60 ሊትር ይይዛል። ፓምፑ ያንኑ ፍሳሽ ደግሞ ደጋግሞ ሲገፋ ይውላል።

መብራት የሚጠፋበትን ቀን መርሳት

ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። እኔም የተቀጣሁት በዚሁ ነው።

ሰው «መብራት ከሌለ ውሃም የለም» ብሎ ያስባል። ሮቶው ግን ጣሪያ ላይ ነው። 2,000 ሊትር የያዘ ሮቶ መብራት ኖረ አልኖረ በራሱ ይወርዳል፣ ተከራይ ይታጠባል፣ ሽንት ቤት ይለቀቃል። ታች ያለው ፓምፕ ደግሞ ቆሟል። ጉድጓዱ ሲሞላ ፍሳሹ የሚወጣው በግቢው ዝቅተኛ ቀዳዳ ነው። እኔ ጋ የሰርቪሱ የሻወር ወለል ነበር። ለሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሰኔ ሙቀት። ተከራዬ «እትዬ፣ ኑ እዩ» ብላ የጠራችኝን አልረሳውም።

ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት የተለያየ ቦታ መታሰብ አለበት። አንዱ ፓምፑ የሚሠራበት፣ በማብሪያውና በማጥፊያው ፍሎት (ፍሳሹ ላይ እየተንሳፈፈ ፓምፑን የሚያስነሳውና የሚያቆመው) መካከል ያለው ነው። በሰከንድ 2 ሊትር ለሚገፋ ፓምፕ፣ በሰዓት ከ15 ጊዜ በላይ እንዳይነሳ 120 ሊትር ይበቃል። ወርዱ 1 ሜትር በሆነ ክብ ጉድጓድ ይህ 15 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ሌላው ከዚያ በላይ፣ ከመግቢያው ቧንቧ በታች፣ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ የሚጠብቅ መጠባበቂያ ነው። ስምንት ሰው በቀን 60 ሊትር ቢያወርድ 480 ሊትር ነው፤ በዚያው ጉድጓድ 60 ሴንቲሜትር ገደማ። እኔ የአንድ ቀን መጠባበቂያ አስይዣለሁ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፣ በመጣ ቀን ሁሉም ልብስ ያጥባል። አማካዩን ሳይሆን ያንን ቀን አስቡ።

ታዲያ ትልቅ ጉድጓድ ይሻላል ብላችሁ ዋናውን የሥራ ቦታ ደግሞ አታስፉ። በኛ ሙቀት ረጅም ሰዓት የቆመ ፍሳሽ ይበሰብሳል፣ ጋዙም ኮንክሪት ይበላል።

ጀነሬተር ያላችሁ ደግሞ ፓምፑ ሲነሳ የሚስበው ኃይል ሲሮጥ ከሚስበው ብዙ እጥፍ መሆኑን አትርሱ። ጉድጓዱ ከልክ በላይ ሲሞላ የሚጮህ ደወል፣ በራሱ ባትሪ፣ ርካሽ ነው። አስገጥሙ።

ሰው የሚገባበት ጉድጓድ መሥራት

ፓምፑ አንድ ቀን ይወጣል። ሰንሰለት ከሌለው፣ ቧንቧው ላይ ከላይ ሆኖ የሚፈታ ማያያዣ ከሌለው፣ የሚወጣው ሰው ገብቶ ነው። ያ ጉድጓድ ሰው ይገድላል። የፍሳሹ ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ስለጠፋ ጋዙ የጠፋ ይመስላል። አንዱ ወድቆ ሁለተኛው ሊያወጣው ሲገባ አብሮ ይቀራል። «ቶሎ ገብቼ ልውጣ» የሚል ሠራተኛ ቢመጣ ከልክሉት። እኔ የማይዝግ ሰንሰለት አሠርቼ ጫፉን ክዳኑ ሥር አንጠልጥዬዋለሁ። ክዳኑ ይከደን፣ የጋዝ መውጫ ቧንቧው ከጣሪያ በላይ ይውጣ።

ብሎኬት፣ ዝናብና ጎርፍ

ጉድጓዱን በብሎኬት ገንብቶ መተው ርካሽ ይመስላል። ግን ይሰርጋል። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፣ ከከተማዋ የውሃ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ እዚሁ ሳቢያን ናቸው። ፌሮ ያለው ኮንክሪት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ታንክ ይሁን።

የጣሪያ ውሃ ወደዚህ ጉድጓድ እንዳይገባ። ክዳኑንም ከግቢው ወለል ከፍ አድርጉት። የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው፣ ድሬ ሳይዘንብባት ጎርፍ እንደሚመጣባት ያውቃል። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ግድግዳ ላይ፣ በደረት ቁመት ይሰቀል።

ታንኩን መዘንጋት

ሴፕቲክ ታንክ የሚሠራው ጸጥ ብሎ ነው፣ ቆሻሻው እስኪዘቅጥ። ኃይለኛ ፓምፕ በአንዴ ብዙ ከደፋበት ዝቃጩን ያማስለዋል፣ ከዚያም ዝቃጩ የታንኩ ውሃ መሬት ውስጥ ወደሚሰርግበት ማስረጊያ ይሄዳል። ማስረጊያው ከተደፈነ ሌላ ቁፋሮ ነው። ስለዚህ «ትልቁን ስጠኝ» አትበሉ።

መለዋወጫ ሳይጠይቁ መክፈል

የኛ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚያስቀምጠውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ። ፍሎቱም ላይ ከስቡ ጋር ተደባልቆ ይጋገራል። ፍሎቱ ከብዶ ይቀራል፣ ፓምፑም ወይ አይነሳም ወይ አይቆምም። ከፓምፑ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው፣ ቀጥሎ ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ካፓሲተር። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ፍሎቱ ብቻውን ስንት እንደሆነ ጠይቁ። «ብቻውን አይሸጥም» ከተባላችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።