ግቢያችሁን በድንጋይ ስታስነጥፉ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

የእናቴን ግቢ በድንጋይ ያስነጠፍነው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነበር። እንቁጣጣሽ ደርሶ ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። እናቴ ከእግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ሸጎጠችና «ድንጋዩም ጠላ ቀምሷል እንዴ?» አለች።

ድንጋዩስ ምንም አልሆነም፤ ደህና ጥቁር ባዛልት ነው። ጥፋቱ ከሥሩ ነበር። ብሩን ሁሉ ለሚታየው አውጥተን የማይታየውን ረሳነው።

የመጀመሪያው ስህተት ጥቁር አፈር ላይ ማንጠፍ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በተለይ ቦሌና አቃቂ በኩል፣ መረሬ አፈር ያለበት ሰፈር ብዙ ነው። መረሬ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ላዩ ያለው ድንጋይም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። እኛ ሣሩን ጠርገን፣ አንድ ሁለት አካፋ አፈር አንስተን ጨረስን። ቢያንስ 30 ሳንቲም ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ (ጠጠር በተቀላቀለበት የሙሌት አፈር) መተካት ነበረብን። ለቀይ አፈር 15 እስከ 20 ሳንቲም ይበቃል።

ገረጋንቲውን በአንዴ መድፋት ደግሞ ሌላው ነው። ሠራተኞቹ ከመኪና እንደወረደ ዘርግተው ላዩን በእንጨት መጠቅጠቂያ መቱት። ከላይ ድርቅ ብሎ ያታልላል፤ ከሥር ግን ልል ነው። ትክክለኛው አሠራር 10 ሳንቲም መዘርጋት፣ ትንሽ ውኃ መርጨት፣ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ ሌላ 10 ሳንቲም መጨመር ነው። የመጠቅጠቂያ ማሽን ለአንድ ቀን ተከራዩ። ሲያልቅ በጫማችሁ ተረከዝ ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡት። ተረከዙ ከሰመጠ ሥራው አላለቀም።

ከዚህ በኋላ የውኃው ነገር ይመጣል። ብዙ ሰው «ልክ እንደ ሳሎን ወለል ለጥ ይበልልኝ» ይላል። ለጥ ያለ ግቢ ላይ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይተኛል። በ1 ሜትር ከ1 ተኩል እስከ 2 ሳንቲም ዝቅ ይበል፤ 4 ሜትር ግቢ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሳንቲም ቢወርድ በዓይን አይታወቅም። ሲባጎ ሳይወጠርና ውኃ ልክ ሳይያዝ «በዓይኔ አየዋለሁ» የሚል ግምበኛ ካገኛችሁ ሻይ ጋብዙትና ሸኙት። ዝቅታው ከቤቱ ይራቅ፤ ወደ ጎረቤት አጥርም አይሁን፣ ጠብ ነው። ንጣፉ ከበሩ ደፍ 15 ሳንቲም ያህል ዝቅ ቢል ጎርፍ ሳሎን አይገባም።

ለግድግዳ የሚለጠፈውን ቀጭን ድንጋይ ርካሽ ነው ብሎ አሸዋ ላይ ማንጠፍም አለ። 2 ሳንቲም ድንጋይ ኮንክሪት ላይ በሲሚንቶ ካልተለጠፈ ይሰበራል። አሸዋ ላይ ለእግር መንገድ ከ4 እስከ 5 ሳንቲም ውፍረት ያስፈልጋል፤ መኪና የሚገባበት ደግሞ ከዚያ ይወፍራል። 40 በ40 የሆነ፣ 5 ሳንቲም ውፍረት ያለው ባዛልት ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ወገባችሁን አስቡ። በሲሚንቶ የምታስለጥፉ ከሆነ ሠራተኞቹ ሲሚንቶውን አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ ጉብ ጉብ አድርገው እንዳያልፉ ቁሙባቸው። በመዶሻ እጀታ ነካ ስታደርጉት እንደ ባዶ ጣሳ ከጮኸ መሀሉ ክፍት ነው።

ፊቱ ላይ የፈሰሰ ሲሚንቶ ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረግ። በኋላ በአሲድ እናጥበዋለን ማለት አያዋጣም፤ ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ወይም እምነበረድ ከሆነ አሲዱ ይበላዋል።

ጠርዙን በሲሚንቶ ወይም በቆመ ድንጋይ አስይዙት፤ አለዚያ ዳር ዳሩ ይበተናል። ድንጋዩን ደግሞ 10 በመቶ ጨምራችሁ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጭነት ቀለሙ ላይመሳሰል ይችላል።

አንድ የምናፍርበት ጥፋት አለ። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ክዳን ደፍነን አነጠፍንበት። መጣጩ መኪና በር ላይ ቆሞ እያንኳኳ እኛ ክዳን ፍለጋ ድንጋይ ስንነቅል ዋልን።

ሥራውን ክረምት ሊገባ ሲል መጀመራችንም አልበጀንም፤ የተቆፈረው ሁለቴ ኩሬ ሆኗል። ያበላሸነውን ጥግ ያስተካከልነው በኅዳር፣ አፈሩ ሲደርቅ ነው። ድንጋዮቹ አሸዋ ላይ ስለነበሩ በጠመኔ ቁጥር ጻፍንባቸው፣ አንሥተን ከሥር አስተካከልን፣ በየቦታቸው መለስናቸው። አንድም አልተሰበረም። 17 ቁጥር አሁንም አልለቀቀም።