ልቡ ታሞ የተነሳን አዛውንት እንዴት ወደ እርምጃ እንመልስ?

አባቴ በልብ ሕመም ተኝቶ ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን ጠያቂው ሁሉ «አታስነሱት፣ ይረፍ» ይል ነበር። እኛም ሰማናቸው። ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ እግሩ አልታዘዝ አለው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ የሚከታተለውን ሐኪም አስፈቅዱ። ደረቱ ተከፍቶ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው አጥንቱ እስኪጠግን፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ ጀሪካን ማንሳትም ሆነ ከባድ ነገር መግፋት የለበትም።

ቤት ውስጥ በወንበር ይጀመር። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፉና ቀስ ብሎ ይነሳ፣ ቀስ ብሎ ይቀመጥ፤ ጠዋት 5፣ ማታ 5 ጊዜ ይበቃል። ትንፋሹን ግን አይያዝ።

ቀጥሎ ሜዳ መንገድ ላይ 5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይራመድ። ከተስማማው በየሁለት ቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ እየጨመራችሁ በሳምንታት ውስጥ ወደ 30 ደቂቃ አድርሱት። የጠዋቱ ብርድ ሳይሰበር አትውጡ፤ ከምግብ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ።

ልኩን በምን እናውቃለን? በወሬ። እንደ አቴኖሎል ያለ መድኃኒት የልብ ምትን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ ምት መቁጠር ያሳስታል። እኔ አብሬው እየሄድኩ የልጅነቱን ነገር እጠይቀዋለሁ። ሳይቆራርጥ ካወራኝ እንቀጥላለን። አንድ ቀን ኮብልስቶኑ ዳገት ላይ ስለ በሬዎቻቸው እየነገረኝ «ያ ቀዩ...» ብሎ ቀረ፤ ከንፈሩ ተከፍቶ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ወዲያው አጥር ጥግ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ዳገቱን ትተን ዞረን ነው የምንሄደው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና ዳገቷ ለጤነኛም ትከብዳለች።

ደረጃ የመጨረሻው ነው። መደገፊያውን ይዞ ይውጣ፣ በየማረፊያው ይቁም።

ደረቱን ከጨመቀው፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ካዞረው ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካላበው አቁማችሁ አስቀምጡት። ምላስ ሥር የሚደረግ ኪኒን ታዞለት ከሆነ ይውሰድ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 907፣ ደውሉ። እግሩ ካበጠ ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ክብደቱ 2 ኪሎ ከጨመረም እርምጃውን አቁሙና ለሐኪሙ ንገሩ።

ጉንፋን ይዞት ቀናት ካለፉት ደግሞ ካቆመበት አይቀጥል፤ በግማሹ ይጀምር።