ወገብ ሲያም እንዴት ይተኛል? አንድ ጋቢ ይበቃል

ማታ ደህና ተኝታችሁ ጠዋት ወገባችሁን ይዛችሁ የምትነሱ ከሆነ፣ ለአዲስ ፍራሽ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አተኛኘታችሁን እዩት። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ተጨማሪ ትራስ ነው። ከሌለ ጋቢ ጠቅልሉ።

መጀመሪያ በጎን የምትተኙ። ወገብ የሚያስቸግረው ከላይ ያለው እግር ነው፤ ቀስ እያለ ወደ ፊት ተንሸራቶ ፍራሹ ላይ ሲያርፍ ዳሌን ይዞት ይዞራል፣ ወገብም እንደተጠመዘዘ ያድራል። ስለዚህ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉና ጋቢውን በጉልበቶቻችሁ መሀል አስገቡ። እስከ ቁርጭምጭሚት ቢደርስ ይመረጣል። የራስ ትራሳችሁ ደግሞ በጆሮና በትከሻ መሀል ያለውን ክፍተት ይሙላ እንጂ ሁለት ሦስት መደራረብ አንገትን መቅጣት ነው።

ተንጋላችሁ የምትተኙ ጋቢውን ከጉልበታችሁ ስር አድርጉት። ጉልበት ትንሽ ሲታጠፍ የወገብ ጡንቻ ይረግባል። በቃ።

በሆድ መተኛት ግን ለወገብ አይመከርም። ወገብ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ለመተንፈስ ሲባል አንገትም ወደ አንድ ጎን ዞሮ ይቆያል። እኔ ራሴ ይሄን ልማድ ለመተው ወራት ፈጅቶብኛል፤ ሌሊት ሳላውቀው ተገልብጬ እገኝ ነበር። የረዳኝ ትራስ አቅፎ በጎን መተኛት ነው፤ ትራሱ ሆድ ስለሚይዝ መደፋት አይመችም። እንቢ ካላችሁ ግን ከእምብርት በታች ስስ ትራስ አድርጉ።

«ወገብ ለሚያመው መሬት ይሻለዋል» የሚባለውንም እርሱት። እ.ኤ.አ. በ2003 ስፔን ውስጥ የቆየ የወገብ ሕመም ባለባቸው 313 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር፤ ከጠንካራው ፍራሽ ይልቅ መካከለኛው ላይ የተኙት የበለጠ ተሽሏቸዋል። መሀሉ የጎደጎደ ስፖንጅም ቢሆን ያው ነው፣ አይጠቅምም።

ጠዋት በጀርባችሁ እንዳላችሁ ብድግ አትበሉ። በጎን ዙሩ፣ እግራችሁን ከአልጋው አውርዱ፣ ከዚያ በክንዳችሁ ገፋ አድርጋችሁ ተነሱ።

እግር ከዛለ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ግን ትራስ ስትቀያይሩ እንዳታድሩ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ያለ ምክንያት መክሳት አብሮ ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ተመርመሩ።